ፈተናውን የያዘ እጅ ላብራቶሪውንም ይያዝ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠቱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት መልስ በቴሌግራም ሲዘዋወር፣ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ልጅ በኮራጅ ይቀደም ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ያንን በር ዘጋ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና መቅረቱ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሪሚዲያሉ (የማለፊያ ነጥብ ላላመጡ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት)፣ የዩኒቨርሲቲው መውጫ ፈተና፣ ሁሉም ከአራት ኪሎ፣ ከሚኒስቴሩ፣ የወጡ ውሳኔዎች ናቸው።

በሩ ሲዘጋ ግን ጉዳችን ታየ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ሚኒስቴሩ ይህን ሳይሸፋፍን መናገሩን አከብራለሁ። ቁጥሩ የማን ውጤት እንደሆነ ሲነገር ግን የሚወቀሰው ተማሪው ነው።

በአዲስ አበባ ዳር ያሉትን የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳን፣ ኮዬ ፈጬን እንይ። በእነዚህ ሰፈሮች ሰው ኮንዶሚኒየም ገብቶ ኑሮ ከጀመረ በኋላ ነው ትምህርት ቤት የተፈለገው። ላብራቶሪ ተብሎ የተሠራው ክፍል ወንበር ገብቶበት መማሪያ ይሆናል። የፊዚክስ መምህር ደመወዙ የቤት ኪራይና የታክሲ አልችል ሲለው በዓመቱ መሃል ጥሎ ይሄዳል፣ ክፍለ ጊዜው ባዶ ይቀራል። አዲሱ መጽሐፍ ታትሞ እስኪደርስ ሶፍት ኮፒው በስልክ ይላካል፤ ቤቱ ደህና ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ጥቂት ተራምዶ ሸገር ከተማ ሲገባ ደግሞ ተጠሪው ይለወጣል፤ ወዲህ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ፣ ወዲያ የኦሮሚያ። ፈተናው ግን አንድ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 3 የትምህርት አገር አቀፍ መመዘኛ ማውጣትንና ማስፈጸምን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። መመዘኛ ተማሪው ላይ ብቻ የሚወርድ ሊሆን አይገባም። ትምህርት ቤቱም የሚመዘንበት አለው፤ ያ ሳይሟላ ሲቀር ግን «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ንቅናቄ ስም መዋጮ ወደ ኅብረተሰቡ ይመጣል። በዳር ሰፈር ያለው ወላጅ አብዛኛው የቀን ሥራ የሚሠራ፣ የኮንዶሚኒየም ዕዳውን ለባንክ በየወሩ የሚከፍል ነው። የላብራቶሪ ዕቃ ከዚህ ሰው ኪስ መጠበቅ ያሳዝነኛል።

ሚኒስቴሩ የትምህርት ቤቱንም ጉድለት ይያዝ ማለት የክልሎችን ሥልጣን ወደ ማዕከል መጎተት ነው የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። መምህር መቅጠሩ፣ የአንደኛ ደረጃው ቋንቋና መጽሐፍ እዚያው ይቆይ። እኔ የምጠይቀው ሚኒስቴሩ ወጪውን እንዲጋራ ነው። ስኩል ግራንቱ (ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ) ጉድለት ለበዛበት ትምህርት ቤት ይብዛ፤ ዳር ላይ ለሚያስተምር የሒሳብና የሳይንስ መምህር የቤት አበል ከፌዴራል በጀት ይመደብ። የሚቀጥለው ውጤት ሲገለጽም ማንንም ያላሳለፈው ትምህርት ቤት ስንት ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር እንዳለፈ፣ መጽሐፉ ለስንት ተማሪ እንደደረሰ፣ ላብራቶሪው ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ ከቁጥሩ ጎን ይውጣ።