ሪከርዱ ይቆየን፣ ካቶዱ ይበርክትልን

ባክቴሪያ ከፍሳሽ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይችላል። ነገሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ማይክል ፖተር እ.ኤ.አ. በ1911 ከእርሾ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን ጽፎ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ግን በባክቴሪያ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ፣ ማይክሮቢያል ፊውል ሴል፣ ከቤተ ሙከራ ብዙም አልራቀም። ባክቴሪያው ሥራውን ያውቃል። ያስቸገረን ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍል ነው።

ጂኦባክተርን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን በሌለበት የፍሳሹን ምግብ ሲያብላሉ ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ባክቴሪያው የሚያርፍበት ኤሌክትሮድ፣ አኖዱ፣ ይቀበላቸዋል። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ሄደው በሌላኛው ኤሌክትሮድ፣ በካቶዱ ላይ ከኦክስጅን ጋር ይገናኛሉ።

አኖዱ ላይ ብዙ ተሠርቷል። በአሜሪካ የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ብሩስ ሎጋንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የግራፋይት ብሩሽ ይዘው መጡ። ቀጫጭን የካርቦን ክሮች በሽቦ ተጠምዝዘው ሲታዩ ቁርጥ የጠርሙስ ማጠቢያ ናቸው። በትንሽ ቦታ ለባክቴሪያው ሰፊ ማረፊያ ይሰጣሉ፤ ቶሎም አይደፈኑም። ግሩም ሥራ ነው።

ካቶዱ ግን ሌላ ጣጣ አለው። አንዱ ገጹ ፍሳሽ፣ ሌላው ገጹ አየር ይነካል። ድሮ ፕላቲነም ይቀቡት ነበር፤ ዋጋው አይቀመስም። አሁን በማይዝግ ብረት ወንፊት ላይ የተጫነ አክቲቬትድ ካርቦን፣ ማለትም ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላው ከሰል ተተክቷል። እሱም ቢሆን ሲቆይ ቀዳዳዎቹን ጨው ይሞላቸዋል፣ እርጥቡን ገጽ ባክቴሪያ ይሸፍነዋል፣ ኃይሉም ይወርዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። ጥቂት ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ኤሌክትሮድ ላይ ተለክቶ «በካሬ ሜትር ይህን ያህል ዋት» የሚል ሪከርድ ይወጣል። ኤሌክትሮዱ ሲተልቅ ግን ውጤቱ በዚያው ልክ አያድግም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዋጋውን፣ ከዓመት በኋላ የቀረውን ኃይልና ታጥቦ ማገገሙን አብረው ይንገሩን።

በእንግሊዝ የብሪስቶል ተመራማሪዎች መንገድ ይበልጥ ይማርከኛል። አንድ ትልቅ ሴል ከመሥራት ይልቅ ብዙ ትናንሽ ሴሎችን ያያይዛሉ። በሽንት የሚሠራ መብራታቸውን እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው አገር በግላስተንበሪ የሙዚቃ ፌስቲቫል አሳዩ። በኋላም ኡጋንዳ ውስጥ ኪሶሮ በሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ላይ ሞከሩት። አንዲት ተማሪ ሌሊት ሳትፈራ ሽንት ቤት እንድትሄድ ብዙ ዋት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሲደፈን የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ራሱ አውጥቶ የሚያጥበው፣ ሲያረጅም ትምህርት ቤቱ በአቅሙ ገዝቶ የሚቀይረው ካቶድ ነው። የምርምር ገንዘቡ ወደዚያ ይሂድ።