ክርክር፦ የአንድ ጥማድ መሬትና የአንድ አገር ሐሰት

ለጦርነት የቀረበ ምክንያት ሐሰት ሆኖ ሲገኝ፣ ምክንያቱን ያቀረበው ፖለቲከኛ በወንጀል ይጠየቅ? ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ ጡረተኛ የታሪክ መምህርና ፍኖተ ሰላም የሚሠራ ወጣት ጠበቃ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህሩ፦ ልጄ፣ አንተ በምትቆምበት ችሎት ስለ አንድ ጥማድ መሬት በሐሰት የመሰከረ ገበሬ ይታሰራል። የድንበሩ ድንጋይ የት እንደነበረ ምሎ ዋሽቷልና ማንም አያዝንለትም። እ.ኤ.አ. በ2002 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር የቶኒ ብሌየር መንግሥት፣ ኢራቅ ትእዛዝ በተሰጠ በ45 ደቂቃ ውስጥ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ልታሰማራ ትችላለች የሚል ሰነድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የኢራቅን መሣሪያ አደገኛነት ለማስረዳት በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ትንሽ ብልቃጥ በጣቶቹ ይዞ አሳየ። ከዚያ አሜሪካና ብሪታንያ ኢራቅን ወረሩ። የተባለው የመሣሪያ ክምችት አልተገኘም፤ አገሩ ግን ፈረሰ። ማን ታሰረ? ሰበብ ምን እንደሚያስከፍል ጎጃም ያውቃል፤ ሙሶሊኒ የወልወልን ግጭት ምክንያት አድርጎ ነው በ1928 ዓ.ም. የዘመተብን።

ጠበቃው፦ ጋሼ፣ ገበሬው ድንጋዩን በዓይኑ አይቷል፤ ብሌየር ግን የደኅንነት ሰዎች የነገሩትን ነው የደገመው። የወንጀል ሕግ ሞራላዊ ፍሬ ነገር፣ ማለትም አድራጊው በአእምሮው ምን ይዞ እንደነበር፣ ይጠይቃል። ብሪታንያ በኢራቅ ጦርነት የነበራትን ሚና የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የቺልኮት ሪፖርት፣ ያውም ከሰባት ዓመት ምርመራ በኋላ፣ ስጋቱ ማስረጃው በማይፈቅደው እርግጠኝነት ቀርቧል አለ እንጂ ሆን ብሎ ዋሸ አላለም። ደግሞስ ጦርነቱን በድምፅ የደገፉት የብሪታንያ ምክር ቤት አባላት 412 ነበሩ፤ ሁሉንም ልንከስ ነው? መሪን የሚቀጣው የምርጫ ካርድ ነው።

መምህሩ፦ የምርጫ ካርዱማ እ.ኤ.አ. በ2005 ብሌየርን መልሶ ሾመው! ሆን ብሎ አልዋሸም እንበል፤ በቸልተኝነት ሰው የገጨ ሾፌርስ አይጠየቅም? ሰነዱ ውስጥ የነበረውን «ምናልባት» አውጥቶ «በእርግጥ» ያስገባ እጅ አለ፤ እኔ የምፈልገው ያንን እጅ ነው። 412ቱን ተዋቸው። ማወቅ አይቻልም ነበር እንዳትለኝ፤ የቀድሞው የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቢን ኩክ ከዚያው የብሌየር ካቢኔ ለቆ፣ ድምፅ በተሰጠበት ዋዜማ፣ ኢራቅ በተለምዶ የጅምላ ጨራሽ የሚባለው ዓይነት መሣሪያ ምናልባት የላትም ሲል ተናግሯል።

ጠበቃው፦ ኩክ ልክ ሆነ። ተሳስቶ ቢሆንና ሚሳይል ቢተኮስ፣ ተከሳሹ እሱ ይሆን ነበር? ፍርድን በውጤቱ መለካት ያስፈራኛል። ይልቅ ሙሉው የደኅንነት ሰነድ ከነጥርጣሬው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለምክር ቤት ይቅረብ። የሾፌሩን ነገር ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና አልመለስኩልዎትም።