ማስተካከያ፦ በሜሪላንድ 15 ዶላሩና የአስተናጋጆች ክፍያ

ስለ ሜሪላንድ የደመወዝ ጥናትና ቅስቀሳ ባወጣነው ጽሑፍ «ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሠሪ ለአስተናጋጅም በሰዓት 15 ዶላር ይከፍላል፤ ቲፑ ከዚያ በላይ ነው» ብለን ነበር። ስህተት ነው።

15 ዶላር የግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ መሆኑ እውነት ነው። ቲፕ ለሚያገኝ ሠራተኛ ግን አሠሪው ራሱ እንዲከፍል የሚገደደው 3.63 ዶላር ብቻ ነው፤ ቀሪውን 11.37 ቲፑ ይሸፍናል። ካልሸፈነ አሠሪው ይሞላል። ምንጫችን የግዛቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት በየሥራ ቦታው የሚያስለጥፈው ማስታወቂያ ነው።

ስሌቱ በሳምንት ነው። 30 ሰዓት ሠርታ 300 ዶላር ቲፕ ያገኘች አስተናጋጅ ከአሠሪዋ 108.90 ይደርሳታል፤ ድምሩ 408.90። በ15 ሲሰላ 450 መሆን ስላለበት ቀሪውን 41.10 አሠሪዋ ይሞላላታል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ገበያ የደራበት ሳምንት የቀዘቀዘውን አያካክስም። ቲፕን ከደመወዝ የሚቆጥር ምግብ ቤት ደግሞ በየክፍያው ወቅት፣ ቲፑ ተጨምሮ የእያንዳንዱ ሳምንት የሰዓት ክፍያ ስንት እንደወጣ በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ወረቀቱን አትጣሉት።

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትሠሩ፣ ቦታው ያለበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ15 ዶላር ስለሚበልጥ በካውንቲው ቁጥር አስሉ።

ሜሪላንድን ከካሊፎርኒያና ከዋሽንግተን ግዛት ጎን ያሰለፍንበት ንጽጽርም ተሰርዟል፤ በእነዚያ ግዛቶች ቲፕ ከዝቅተኛው ደመወዝ አይቀነስም።