ቁልፉ ሦስት አይደለም

ዳን ብራውን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው «ዲጂታል ፎርትረስ» በተባለው ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ሦስት ሚሊዮን ፕሮሰሰር ባለው ድብቅ ኮምፒውተር የሰውን ሁሉ ኢሜይል እየፈታ ያነብባል፤ አንድ ቀን ግን የማይፈታ ኮድ ይገጥመዋል። መጽሐፉ ስለ መንግሥት ስለላ ያስተምራል ወይስ ያሳስታል? አንዲት የልብ ወለድ አንባቢ እና አንድ የሒሳብ መምህር ይሟገታሉ።

አንባቢዋ፦ መጽሐፉን በአንድ ሌሊት ጨረስኩት። ሊነጋ ሲል ስልኬን ከራስጌዬ አንሥቼ ሌላ ክፍል አስቀመጥኩ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ «የምደብቀው የለኝም» ባይ ነበርኩ። ጠባቂዎቹን ማን ይጠብቃቸዋል? የሮማዊው ባለቅኔ የዩቬናል ጥያቄ ነው፤ እኔ ግን ያገኘሁት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ለኤጀንሲው በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን የኤጀንሲውን ሰነዶች ለጋዜጠኞች የሰጠው በ2013 ነው። ልብ ወለዱ አሥራ አምስት ዓመት ይቀድመዋል። ጅብ ከሄደ በኋላ ከሚጮኽ ውሻ ይህ አይሻልም?

መምህሩ፦ እኅቴ፣ መጮኹን አልክድም፤ የጮኸው ግን ወደተሳሳተ አቅጣጫ ነው። ያላነበባችሁ ይቅር በሉኝና፣ የኤጀንሲውን የመረጃ ቋት ከጥፋት የሚያድነው የመጨረሻ ቁልፍ ቁጥር 3 ነው። ደራሲው የሂሮሺማውን ቦምብ ዩራኒየም 235፣ የናጋሳኪውን ዩራኒየም 238 ብሎ ይቀንሳቸዋል። የናጋሳኪው ቦምብ ግን ፕሉቶኒየም 239 ነበር። ከ239 ላይ 235 ሲቀነስ 4 ይቀራል፤ 4 ደግሞ ደራሲው የሚፈልገው ዓይነት ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር፣ እንኳ አይደለም!

ይህስ ይታለፍ። ማሽኑ ቁልፎችን አንድ በአንድ እየሞከረ ሁሉንም ይፈታል መባሉ ነው የማይታለፈው። በቁልፍ ላይ አንድ ቢት፣ ማለትም አንድ የ0 ወይም የ1 አኃዝ፣ በተጨመረ ቁጥር ሥራው እጥፍ ይሆናል። በዚያው በ1998 የዲጂታል መብት ተሟጋቹ ድርጅት ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሠራው ማሽን የ56 ቢት ቁልፍ ለማግኘት 56 ሰዓት ፈጀበት። ለ128 ቢት ቁልፍ ሦስት ሚሊዮን እንዲህ ያሉ ማሽኖች ቢደረደሩ እንኳ ፀሐይ ቀድማ ትጠፋለች።

አንባቢዋ፦ መምህር፣ ሒሳቡን ለእርስዎ ተውኩት። የፖለቲካው ፍርሃት ግን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በ1993 የክሊንተን አስተዳደር የስልክ ንግግርን የሚመሰጥር፣ ቁልፉ ግን በመንግሥት እጅ የሚቀመጥ «ክሊፐር» የተባለ ቺፕ አቅርቦ ነበር። መጽሐፉ የወጣው የዚያ ጭቅጭቅ ፍም ሳይከስም ነው። ደግሞስ የኮሚቴ ሪፖርት አንብቦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያውቃሉ?

መምህሩ፦ ቅሬታዬ እንቅልፍ ባጡበት ነገር ላይ ነው። ስልኩን ያራቁት ግዙፉን ማሽን ፈርተው ነው። ኤጀንሲው በሚገኝበት በዚያው በሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ፣ በ2014 «ኪዳኔ» በሚል የተደበቀ ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በክሱ እንደተባለው ፊንስፓይ የተሰኘው የስለላ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ከኢሜይል ጋር በተላከ የዎርድ ሰነድ ተደብቆ ነው፤ ከዚያም የስካይፕ ንግግሩን ይቀዳ ነበር። ኮድ የፈታ የለም፤ ንግግሩ ሳይመሰጠር በፊት ተሰማ። በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለውጭ መንግሥታት ያለመከሰስ መብት የሚሰጠውን ሕግ ጠቅሶ ክሱን ዘጋው። የእርስዎ መጽሐፍ አጥር የሚያፈርስ ጭራቅ ሲያስጠብቀን፣ ሌባው ከእንግዶች ጋር ተቀላቅሎ በበር ይገባል።

አንባቢዋ፦ ታዲያ ይህን ታሪክ ስንቱ ያውቀዋል? ልብ ወለድ ስላልተጻፈበት እኮ ነው።

መምህሩ፦ ምኑ ይጻፋል? ሰውየው ፋይሉን ይከፍታል፣ ያነብባል፣ ይዘጋል። በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ማን ገጹን ይገልጣል?

አንባቢዋ፦ እኔ። ፋይሉን ማን እንደላከው ሳላውቅ አልተኛም።