የወደቀው ልጁ ነው ወይስ ፈራሚው?

ሰሞኑን የወላጆች ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ አባት የለቀቀውን ቮይስ ሰምቼ እስካሁን አልበረደልኝም። ልጁ ሮድ ቴስት፣ ማለትም የመንጃ ፈቃድ የመንዳት ፈተና ወደቀ፣ አባትየው ታዲያ በኩራት ድምፅ "ቁልፉን ቀምቼዋለሁ፣ እስከ ገና መሪ አይነካም፣ ይማርበት" ይላል። ከስር "ጎበዝ"፣ "አባት ማለት እንዲህ ነው" እየተባለ ይጨበጨብለታል። እኔ ግን መሪ ሳይነካ ምኑን እንደሚማር ሊገባኝ አልቻለም፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነው የሚለማመደው?

ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ "እኛ በአንዴ ነው ያለፍነው" የምትለዋ ወሬ ነች። እባካችሁ! እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ዓመት አብረን ኖረን፣ ማን ስንቴ እንደወደቀ እንተዋወቃለን እኮ። ያኔ ፓራለል ፓርኪንግ (መንገድ ዳር በሁለት መኪና መሃል ማቆም) ላይ ኮኑን ገጭቶ አንገቱን ደፍቶ የተመለሰው ስንቱ ነው? ሜሪላንድ እሱን በ2015 ከፈተናው አወጣችው፣ ከዛ ወዲህ "የዛሬው ቴስት እኮ ቀልድ ነው" የሚሉ በዙ። አገር ቤት በአንዴ አለፍኩ የሚለው ደግሞ እንዴት እንዳለፈ ባያስወራን ይሻለዋል።

አሁን ማንም ማንሳት ወደማይፈልገው ነገር ልምጣ። ኤምቪኤ፣ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት፣ ልጁ ከ18 በታች ከሆነ ፐርሚቱን (የመለማመጃ ፈቃዱን) ይዞ 9 ወር ይቆይ፣ 60 ሰዓት ይንዳ፣ ከዛ ውስጥ 10ሩ ማታ ይሁን ይላል፣ አጠገቡም ቢያንስ 21 ዓመት የሞላውና 3 ዓመት መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ይቀመጥ ይላል። የነዳው ሰዓት የሚመዘገብበት ሎግ ላይ የምንፈርመው እኛ ወላጆች ነን። እስቲ በእውነት እንነጋገር፣ ያ ሎግ ስንት ቤት ነው የቴስቱ ዋዜማ ማታ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል በሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የተሞላው? እኔ ቤት እንደዛ ነበር። "ሰኞ ሁለት ሰዓት በይ፣ ማክሰኞ ዝናብ ነበር መሰለኝ፣ አንድ ሰዓት ይበቃል" እያልኩ ልጄን ያስጻፍኳት እኔው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ኤርፖርት ሳመላልስ እውላለሁ፣ ልጄ አጠገብ የተቀመጥኩት ግን ቤተክርስቲያን ደርሶ መልሱ ሁሉ ተደምሮ ሃያ ሰዓት ቢሞላ ነው። አርባውን ሰዓት የነዳው እስክሪብቶ ነው እንግዲህ!

ወደቀች። መኪና ውስጥ ሁዲዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ዝም አለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት "ስቶፕ ሳይን ላይ ሙሉ ለሙሉ አልቆምኩም" አለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች "አንተም እኮ አትቆምም አባዬ" አለችኝ። ልቆጣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሰፈራችን መግቢያ ያለው ስቶፕ ሳይን ላይ ስደርስ ቀጥ አድርጌ አቆምኩ፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክስ ነፋብኝ።

እና ይሄን ልጅ ነው የምንቀጣው? ቅጣቱማ ደርሶታል፣ ጓደኞቹ እየነዱ እሱ አሁንም እናቱ ናት የምታደርሰው። በዛ ላይ ወሬያችን አለ። ከቴስቱ በፊት ለዘመድ ለጎረቤት አውጀን፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ሰው ተራ በተራ "እሺ፣ አለፍሽ?" ይላታል፣ ልጆቹ ከፈታኙ ይልቅ ያንን ግቢ ነው የሚፈሩት። ያ አባት የልጁን መውደቅ የለጠፈበት ግሩፕ ውስጥ እኮ የጓደኞቹ እናቶች በሙሉ አሉ፣ ለማን ይማርበት ብሎ ነው?

መኪና ይገድላል ትሉኛላችሁ፣ ይገድላል። ፈታኙም ገና ነው ብሎ መልሶታል፣ አበቃ፣ እኛ በላዩ ላይ ሌላ ፍርድ ቤት መክፈት አይጠበቅብንም። የዛን ቀን ተዉት፣ የሚወደውን ምግብ ግዙለት፣ ማታ የት ጋ እንደተሳሳተ ራሱ ሲያነሳ ስሙት፣ አዲስ ቀጠሮ አብራችሁ ያዙ። እኔና ልጄ እሁድ እሁድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ሎት ፈልገን ወደ ኋላ መታጠፉን እንለማመዳለን፣ አንዳንዴ እየተጨቃጨቅን፣ ያው።

አንተም ወንድሜ ቁልፉን መልስለት። ካልሆነ ደግሞ ሎጉን አውጣና ከ60ው ሰዓት ስንቱን በእውነት አጠገቡ እንደተቀመጥክ፣ እንደለመድከው በቮይስ ለግሩፑ ንገረን።