«ይጮኻል» ብለው መለሱት!
ዛሬስ በቃኝ። ላሳድገው ብለው ከእኔ የወሰዱት ሰዎች ውሻውን መለሱት። ምክንያቱ? «ይጮኻል።» ውሻ እኮ ነው! ምን እንዲያደርግ ጠብቃችሁ ነበር፣ ዜና እንዲያነብ?

ከመንገድ አንስቼ፣ ቁንጫና መዥገሩን ለቅሜ፣ እከኩን አሳክሜ፣ ፓርቮ የሚባለውን የውሻ አንጀት በሽታና የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት አስጨርሼ፣ ደጅ ወጥቶ መሽናት አስተምሬ ነው የሰጠኋችሁ። ሶፋዬ ተበልቷል። ከጫማዬ ግራው ብቻ ቀርቷል። ቅር አላለኝም። እናንተን ጥቂት ሌሊት አቃታችሁ? አዲስ ቤት የገባ ውሻ እስኪረጋጋ ሳምንታት ሊወስድበት እንደሚችል ነግሬያችሁ አልነበር? ራሳችሁን ስትነቀንቁ ነበር እኮ!

ያለፈችዋ «ፀጉሯ ይረግፋል» ተብላ ተመለሰች። ከእሷ በፊት የነበረው ደግሞ «አደገብን»። ቡችላ አያድግም ያላችሁ ማነው? ፎቶ ለመነሳት ሲሆን ግን «ልጃችን» ነበር። ልጅ በካርቶን ይመለሳል እንዴ?

ምርቃቱ ደግሞ ይኸው፦ «አንቺ እኮ ውሻ ትወጃለሽ፣ አይከብድሽም።»