«ለጽድቅ ነው የሚገዛው» ላልከው

ወንድሜ፣ ፒያሳ ላይ ስለታየው የአካል ጉዳተኛ ልጆችና አዋቂዎች ሥዕል «ሌላ ሰው ነው የሚሥልላቸው፣ የሚገዛውም ለጽድቅ ነው» ብለህ የጻፍከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዛ ያስባል። ብሩሽ ግን በአፍም በእግር ጣትም ይያዛል። እርዳታ ቢኖርስ? ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ዊልቸርና አልጋ ላይ ሆኖ፣ ረዳቶቹ ቀለም የቀቡለትን ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ የሠራቸው ሥራዎች ዛሬ ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ሥራው የራሱ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የተሣሉትን መላእክት አንጋጠን ስናይ ሠዓሊው አካል ጉዳት ነበረበት ወይ ብለን እንጠይቃለን እንዴ? ዓይናቸውን ነው የምናየው። የፒያሳዎቹንም ሥዕሎች እንደዛ እይ። ካላማረህ አትግዛ። ካማረህ ሳትከራከር ክፈል፣ የሠራውንም ሰው ስም ጠይቅ።